እንሶስላና ጊታር

ልጄ ኡበይደላ፣ አላህ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም፤ የሰው ፍቅር አያሳጣህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአዳማ ንፋስ እንደምታውቀው ነው። በዚያ በረዶ ኮፍያ ሳታደርግ እንዳትወጣ።

ጥለኸው የሄድከውን ጊታር አቧራውን ሳራግፍ ሳራግፍ፣ መማር ጀመርኩልህ። አትሳቅ! በሃምሳ ሦስት ዓመት ጣት እንደ ልጅነት አይታዘዝም። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያዬ ስለሚደርቅ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። ክሩ የጣቶቼን ጫፍ ሲያቆስለኝ ደግሞ ቆዳው ይጠነክራል ብዬ እንሶስላ ሞቅሁ።

አባትህ ይስቅብኛል ብዬ ጊታር መማሬን ደብቄው ነበር። እሱ ግን ጣቶቼ ቀልተው ሲያይ ለእሱ ያጌጥኩ መሰለው! በማግስቱ ከቆቃ ሲመለስ ሚኒባሱን አሳጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ዓሣ ይዞ ገባ። እኔም ነገሩ ጣፈጠኝና ዝም ብዬ ዓሣዬን በላሁ።

ትናንት ሳላስበው ቀደም ብሎ መጣና በር ላይ ቆሞ በቀሉት ጣቶቼ ጊታሩን ስጫወት ሰማኝ።

«ታዲያ እንሶስላው ለእኔ አልነበረም?» አለኝ ቅር ብሎት።

«ዜማው ግን ላንተ ነው» አልኩትና ቀስ ብዬ ተጫወትኩለት። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ። ስጨርስ «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ውሃውን ያሞቀልኝ እሱ ነው።

ሰላትህን ጠብቅ፣ ምግብ አትዝለል። እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ፤ ስትመጣ ሌላ ጊታር ይዘህ ና። ይሄኛው የእኔ ሆኗል።

እናትህ ዙህራ