ባሌ እህት ከየት አመጣ?

እታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጅሽስ? ጤናሽን የምጠይቅሽ ለወጉ ስላልሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱም እየበረደልኝ ነው።

ልታርሺኝ የመጣሽ ጊዜ «ባልሽ የሚደብቅሽ ነገር አለ» ያልሽኝ እውነት ሆነ። ስልኩ ላይ «ሲስተር» የምትባል ትደውላለች። ለእናቱ አንድ የሆነ ሰው እህት ከየት አመጣ? ስጠይቀው «የሥራ ጉዳይ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቁርስ ሳይቀምስ ይወጣል፤ ሳይበላ ጫማውን እንኳ የማያስረው ሰውዬ!

ሰኞ ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጥቼ ተከተልኩት። ጤና ጣቢያው ጓሮ ካለች ክፍል ገባ። በመስኮት ሳይ፣ ጋወን የለበሰች ሴት ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳላት። ለኔ አፉን የከፈተልኝ ጥርሱን ያመመው ቀን ብቻ ነው! ዘልዬ ገባሁ፤ ያልወረወርኩት ስድብ የለም። እሷ ግን ረጋ ብላ «የመጣበትን እሱ ራሱ ይንገርሽ፤ እኔ መናገር አልችልም» አለችኝ። ይሄኔ የባሰ ጠረጠርኳት።

ውጭ ወጥተን ነገረኝ። ቲቢ ነው፣ እታለሜ። ክኒኑን ፊቷ ካልዋጠ አትለቀውም። ነርስ ሁሉ ሲስተር እንደሚባል ቅናት አስረስቶኝ! «ለምን ደበቅከኝ?» ስለው «አባትሽ በምን እንደሞተ አውቃለሁ፤ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። ተናድጄም ነበር፣ አሳዝኖኝም ነበር።

በማግስቱ ሲስተር ቤታችን መጣች። ገና ሳትቀመጥ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ የማን ቤት መሰላት? ሕፃኑን መዘነችው፣ ማን የት እንደሚተኛ ጠየቀች። እኔም አልተኛሁላትም፤ «ሰው ጓዳ መግባት የት ነው የሚያስተምሩት?» አልኳት። ሳቀች። ነርስነት ተምራ ሆስፒታል ትሠራ ነበር። ያከመችው አባወራ ድኖ ሲወጣ ሚስቱ በዚያው ሳል ትመጣለች፣ ከዚያ ልጁ። ሲታክታት ተመልሳ የኅብረተሰብ ጤና ተማረች፤ ከዚያም አንዲት አንጋፋ ነርስ እየተከተለች በር ማንኳኳት ለመደች። «ትልቁ ፈተና በር ላይ መሰደብ ነው፤ አንቺ በደንብ ፈትነሽኛል» አለችኝ። ሳልወዳት አልቀረሁም፤ ዓይኔን ግን ከሷ ላይ አልነቀልኩም።

እኔ ተመርምሬ ነጻ ነኝ፤ ሕፃኑም መከላከያ መድኃኒቱን ጀምሯል። ስትወጣ ግን በነዚህ ወራት ከእናንተ ሌላ እዚህ ክፍል ማን አደረ ብላ ጠየቀችኝ። የሕፃኑን ልብስ አጣጥፌ ጨረስኩ። ከዚያ ያንቺንና የልጅሽን ስም ነገርኳት። ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።

እንግዲህ የሰፈርሽ ነርስ በርሽን ታንኳኳለች። ስምሽን ማን እንደሰጣት አትነግርሽም፤ እኔ ነኝ። እንደኔ ሳትሰድቢ አስገቢያት፤ ልጅሽንም አስመርምሪው። ባለፈው በስልክ ስናወራ እየደጋገመ ያቋረጠሽን ሳል «ጉንፋን ነው» ብለሽኝ፣ እሺ ብዬሽ ነበር። አላመንኩሽም።

ፈጣሪ እስትንፋስሽን ይጠብቅልኝ፤ ልጅሽን አሳድገሽ ለመዳር ያብቃሽ።

ተጠራጣሪዋ ታናሽሽ