በአፍ የተጻፈ ቃል

መጋቢት 3
የኮምቦልቻ ሙቀት ጀመረ። ቁርስ ፍርፍር። ሚስቴ ሐዋ አጎረሰችኝ፣ አፌን ጠረገችልኝ፣ ኤርፎኑን ጆሮዬ ላይ ሰክታልኝ ወደ ገበያ ወጣች። ይኸው ነው ቀኑ።

አሮን ነው ከደሴ ወርዶ ስልኩን እንዲህ ያደረገልኝ። እዚያ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስልክ ይጠግናል፤ ብየዳ ቤት ከምሠራበት ጊዜ ጀምሮ ወዳጄ ነው። ኤርፎኑን በክንዴ ጉማጅ ስነካው ያዳምጣል፣ የተናገርኩትን ይጽፋል። «ጌታ እጅ ሰጠህ በል» አለኝ። ጴንጤ አይደል... እኔ እጄን ለመብራት ሽቦ ነው የሰጠሁት። ጣራ ላይ የተሸከምኩት ብረት ነካው። ስነቃ ሁለቱም ከክርን በታች የሉም።

ማስታወሻ ድሮም እጽፍ ነበር። አሁን እናገረዋለሁ።

መጋቢት 11
ለሶላት ዉዱእ የምታስደርገኝ እሷ። ሽንት ቤት የምታስገባኝ እሷ። ገና ልጅ ናት እኮ። ዛሬ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ከልቧ ሳቀች። ከእኔ ጋር መቼ ነው እንዲህ የሳቀችው?

ብፈታትስ?

መጋቢት 19
ምን አደረግሁ...

ቀትር ላይ ብቻዬን ያለሁ መሰለኝ። ያን ሐሳብ እስቲ ተጽፎ ልየው አልኩ። ሰው የማይልከውን ደብዳቤ ይጽፍ የለ? እንደዚያ። ስሟን ጠርቼ «ፈትቼሻለሁ» አልኩ። ስልኩ ጻፈው። ዓይኔን ሳላነሳ በሩ ላይ ጀሪካን ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ማንን ነው የምታናግረው?»
«እየጻፍኩ ነው።»
«አልክ እኮ ሚስባህ። በጆሮዬ ሰማሁ።»
«ጽሑፍ ነው ሐዋ፣ ወላሂ...»
«አትማል።»

እጅ ያለው ሰው ጽፎ ይቀደው ነበር። ማንም አይሰማውም። እኔ በአፌ ካልሆነ በምን ልጻፍ? ምሳ አጎረሰችኝ። ፊቴን ግን አላየችም።

መጋቢት 21
ሼህ ጀማሉዲን ዘንድ ሄድን። ወንድሜ ሀፊዝም አብሮን ነበር። ሼሁ ስልኩን ተቀብለው አገላበጡት።

«ለመጻፍ ነው የተናገርኩት ሼኻችን፣ እርስዎ ይዩት።»
«ገባኝ ልጄ። ግን ይኸ ቃል ቀልድም የለው፣ ልምምድም የለው። ሲወጣ በልብህ ምን ነይተህ ነበር?»

ለመጻፍ ብቻ ነው ብል ይተውኝ ይሆን ነበር። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ... አልሆነልኝም። ትገላገለኝ ብዬ አስቤ ነበር። አስቤ ነበር አልኳቸው።

«እንግዲያ አንድ ፍቺ ተቆጥሯል። አብሽር፣ አይዞህ። ኢዳዋ፣ የመጠበቂያዋ ጊዜ፣ ሦስት ወር ግድም ነው። እስከዚያ መልሻታለሁ ካልክ ሚስትህ ናት። ካለፈ ግን አዲስ ኒካህ ነው፤ እሱም እሷ ከፈቀደች።» ወደ እሷ ዞሩ። «ደንቡ እዚያው ቤትሽ ሁነሽ መጠበቅ ነው።»

ሐዋ ግን ከሰዓት በኋላ ኩታበር አባቷ ጋ ሄደች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ሚያዝያ 2
የሚያጎርሰኝ ሀፊዝ ሆኗል። ይቸኩላል፣ ሳልውጥ ይደግመኛል። «መልሻታለሁ በላ፣ አንድ ቃል እኮ ነው» ይላል። አንድ ቃል ነው። ግን ለምን ብዬ? የሚያጥበኝ ስላጣሁ? ናፍቃኛለች። እሱን ደግሞ ለሀፊዝ እንዴት ብዬ ልንገረው...

ግንቦት 14
ኩታበር ደርሼ መጣሁ። አሮን ነው በሚኒባስ የወሰደኝ። አባቷ በሰላምታ ተቀብለው ትተውን ወጡ። ሐዋ ከስታለች።

«ልትመልሰኝ ነው የመጣኸው?»
«አንቺ ከፈለግሽ።»
«አሁን ትጠይቀኛለህ? ያኔ ጠይቀኸኛል?»
«እንድታርፊ ብዬ ነው።»
«ማን ደከመኝ አለህ? ሲደክመኝ እነግርህ ነበር። እኔም አፍ አለኝ።»

አለቀሰች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዳግመኛ በላይዋ ልወስንባት ነው ብዬ ፈራሁ። «አስቢበትና ደውይልኝ» አልኳት። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ስንመለስ አሮን፣ «ምነው ዝም አልካት? ስትጠብቅህ እኮ ነበር» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል አልኩ በልቤ።

ሰኔ 2
አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። «ለሐዋ ደውል» ብል ስልኩ ይደውላል፤ እጅ አይጠይቅም። በእጄ ማሳበብ አልችልም። እንቢ ብትለኝስ? አስቢበት ብያት እያሰበች ቢሆንስ? ነገ...

ሰኔ 9
ነገ።

ሰኔ 26
ሀፊዝ ኩታበር ለቅሶ ደርሶ መጣ። የሐዋ ኢዳ አልቋል። አንድ የቦሩ ሜዳ ሰው ላግባት ብሎ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እሺ ብላለች።

«ምንም አላለችህም?» አልኩት።
«ብላኛለች። በር በሩን ሳይ ነው ኢዳዬ ያለቀው በለው አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ሊያጎርሰኝ ነበር፤ አልራበኝም አልኩት። ወጣ።

ብቻዬን ስሆን «ሐዋ፣ መልሼሻለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ነይቼ። ስልኩ ቃሉን ሳያጓድል ጻፈው። አሁን ጽሑፍ ብቻ ነው።