የለተይ ጸበል

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ከመቐለ ለእግር ጉዞ ሻንጣችንን አዝለን ከወጣን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ወደ አፋር በረሃ በሚወርደው ሸለቆ ውስጥ፣ እኔ፣ ኪሮስና ለተይ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተኮልኩለናል። እንቀዳበታለን ያልነው ምንጭ ደርቆ ጠበቀን። የሚቀጥለው ውሃ የነገ መንገድ ነው። የመጠባበቂያውን ጀሪካን ስንከፍተው ደግሞ ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ኪሮስ ነው ከቤቱ ያመጣው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ቤንዚን ያልተቀዳበት ጀሪካን በእሱ ሰፈር በሓድነት ከየት ይገኛል? "አጥቤው ነበር" እያለ ይምላል። ልሰድበው ነበር፤ ምላሴ ደርቆ ተውኩት።

የቀረን የለተይ ጸበል ብቻ ነው። ትናንት አፋፉ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን፣ ለታመመች እናቷ በሃይላንድ ቀድታ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች። ማንም አልጠየቃትም። እኔማ የወሎ ሙስሊም፣ በምን አፌ?

አሁን ራሷ አውጥታ መሃላችን አስቀመጠችው።

"ጠጡ በቃ፣ ኣሕዋተይ፣ ወንድሞቼ። እናቴም ብትሆን አትከለክላችሁም።"

ከዚያ እንዳናፍር ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትስባለች። ኪሮስ እኔን ያያል፣ እኔ ሃይላንዱን።

ይህን የምጽፈው እጄ ሌላ ነገር እንዳይዝ ነው።