ወልደዮሐንስ ያሰራት ሽቦ

ዲላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወልደዮሐንስ። እግዚአብሔር የሰው አገር ብርድ ያቅልልህ፤ የሚያዝንልህ ሰው አያሳጣህ። እኛ ደህና ነን። ቡናው ቀልቷል፤ ዝናቡ ግን ማስጫ ጊዜ ከልክሎናል።

አሮጌው መኪናችን ሦስት ወር ሙሉ ከግቢ አልወጣም፤ እኔም አብሬው ቆሜያለሁ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ድንገት ዘሎ ቀዩ ላይ ይወጣል። አባትህ "ሞተሩ ፈላ!" ይላል፤ ራዲያተሩን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። መብራት ሲበራ መርፌው ይወጣል፣ ሲጠፋ ይወርዳል፤ ይህን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ። መካኒኩ ዘነበም አይቶ፣ "እውነቷን ነው፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከመለኪያው ጀርባ ያለችው ሽቦ ላልታለች፤ ፈትቼ ላጥብቃት" አለ። አባትህ ግን "ልጄ ሊሄድ ሲል በእጁ ያሰራት ናት" ብሎ አላስነካም።

እህቴ ካሳነሽ ባንኮ ጎቲቲ መንደር ታማ ተኝታለች። በሌላ መኪና ልሂድ ስለው፣ "የራሳችን ቆሞ በሰው ጭነት ላይ አትወጪም" ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ገቢና እገባለሁ። እሱ ሞተሩን ያስነሳል፤ ለጭጋጉ መብራት ያበራል፤ መርፌውን አይቶ ያጠፋል። እኔም እወርዳለሁ።

እባክህ ልጄ፣ ለአባትህ ለብቻው ጻፍለት። "ሽቦዋ ትፈታ" በለው፤ እኔ እንዳልኩህ አይወቅ። በትምህርትህ በርታ፤ ጌታ በደህና ያገናኘን።

ደብዳቤህ እስኪደርስ ወር እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ካሳነሽን ጠብቂኝ ብዬ ልኬባታለሁ።

እናትህ ድንቅነሽ