ሦስተኛዋ ቀዳዳ

ለደምሴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ከተለያየን ሦስት ክረምት አለፈ፤ አራተኛው ደግሞ ይኸው የአወቱን ወንዝ ሞልቶት ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማል። እስከ ዛሬ መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ በአፌ ነበር የምነግርህ። የነገርኩህም ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ ባለ ጋራዡ ነዚፍ እንደ ገደለህ። ዛሬ ያንን ማስተካከል ስላለብኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ያፈስ የነበረው የጓዳ ጣሪያ ተደፍኗል። ከጓሮ የተከልካቸው የቡና እግሮች ዘንድሮ አፍርተዋል፤ እኔ ገበያ ስወጣ ግን አንድ ጎረቤት ሲለቅምብኝ ከረመ። ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ፣ ገና አልተናገርኩም። ታናሽ ወንድሜ ሽፈራው ከበደሌ መጥቶ ከእኔ ጋር ተቀምጧል። ላንድሮቨርህ ተጠግኖ የሚነዳው እሱ ነው። አይዞህ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ በቅሎ ትቀድመዋለች።

ጠባዬን ታውቀዋለህ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» ሲሉ ሌላው ሰው ይስቃል፤ እኔ ገንፎውን ማገላበጥ ነው የምጀምረው።

ያን ፈረስ የሚጫንበት ተጎታች ያሠራህ ጊዜ ጅማ ሁሉ ስቆብህ ነበር። ሰው በእግሩ፣ ፈረስ በመኪና እያሉ እዚሁ መርካቶ ገበያችን ላይ ተቀባበሉህ። አንተ ግን ለጃንሆይ የልደት በዓል የሚወጡትን የባላባቶች ፈረሶች ከሰቃና ከአጋሮ ሳይደክሙ ታደርሳቸው ጀመርክ፤ የሳቁትም መጥተው ወረፋ ያዙ። ብረቱን የበየደልህ ነዚፍ ነበር። ከላንድሮቨሩ ኋላ አራት ቀዳዳ ያለው ብረት አቆመልህ፤ የተጎታቹ አንገት የሚያያዝበት ማያያዣ በዚያ ላይ ከፍም ዝቅም እያለ በብሎን ይታሰራል።

ሥራህን ስትነግረኝ አንድ ነገር አይሰለችህም ነበር፤ የተጎታች ወለል ቀጥ ማለት አለበት። አፍንጫው ከተደፋ መኪናውን ይጫነዋል። አፍንጫው ከተነሣ ደግሞ የፈረሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሄድና ቁልቁለት ላይ መወራጨት ይጀምራል፣ ከማያያዣውም ይነቀላል ትለኝ ነበር። ስለዚህ ፈረስ በጫንክ ቁጥር ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር፣ ነዚፍ ጋራዥ ፊት ካለው ሜዳ ሄደህ ወለሉ ላይ ውሃ የሞላ ሳህን ታስቀምጣለህ። ውሃው ወደ አንድ ወገን ከሄደ ብሎኑን ወደ ሌላ ቀዳዳ ታዛውራለህ። ከዚያ ፒኑን ትሰካለህ፣ ሰንሰለቱን ታስራለህ፣ በእግርህ ሁለቴ መትተህ ትሄዳለህ።

እኔ ግን አንድ ሳህን ውሃ ለማየት ግማሽ ቀን ይፈጃል የሚባለው ነገር አልዋጥልኝ አለ። ነዚፍ ባሏ የሞተባት እህት አለችው፣ ዘይነባ፤ ቤቷ ከጋራዡ ጀርባ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለስ ጢምህ ላይ እርጎ አየሁ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ኮትህን ማሽተት ያዝኩ። የሚሸተው ግሪስ ብቻ ነው። «እንዳይታወቅበት ሆን ብሎ የተቀባው ነው» አልኩ። እንዲህ ያለች ሚስት ነበረችህ።

በመጨረሻ ከበዓሉ በኋላ የአንድ ባላባት ፈረስ ወደ ሰቃ ልትመልስ ስትል፣ ወይ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ለካው ወይ እኔ እናቴ ቤት እሄዳለሁ አልኩህ። ኧረ ውብነሽ በፈጠረሽ አልክ፤ ተከራከርክ፣ ተቆጣህ፣ ከዚያ ደከመህ። ኪቶ ላይ እንዳትወርድ ቃል አስገባሁህ። ጠዋት ሳህኑን ሞልቼ የሰጠሁህ እኔው ነኝ። ውሃውን ስታይ፣ ብሎን ስትፈታ ግን አላየሁም፤ አሸንፌያለሁ ብዬ ቤት ገብቼ ነበር።

የሰቃ መንገድ ቁልቁለት ላይ ተጎታቹ ከማያያዣው ተነቀለ፤ በሰንሰለቱም መኪናውን ጎትቶ ገደል ገባ። ፈረሱ ተረፈ። አንተ አልተረፍክም።

መኪናው ከገደል ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሄጄ ቀዳዳ ቆጠርኩ። ሁልጊዜ ከታች ሁለተኛዋ ላይ የሚታሰረው ማያያዣ ሦስተኛዋ ላይ ነው ያለው። አሃ! አልኩ። ቃሉን አፍርሶ ኪቶ ሄዷል፤ ነዚፍ ተጎታቹን ለራሱ ተመኝቶ ብሎኑን አዛውሮበታል። ነዚፍ ወላሂ በደጄ አለፈ እንጂ አልወረደም ሲል፣ ለገዳይ መሐላ ምኑ ነው ብዬ መለስኩለት። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሱቁ፣ በየለቅሶው ስሙን አጠፋሁት። መኪና የሚያመጣለት ጠፋ። ጋራዡ ከተዘጋ መንፈቅ ሆነው። ዘንድሮ ሽማግሌ ይቀመጥልን ብሎ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው፤ ነገሩ ካልተፈታ አገሩን ጅማን ለቆ ሊሄድ ነው አሉ። ደስ አለኝ፣ ደምሴ። አልደብቅህም፣ እሰይ ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሽፈራው የጠገነውን ተጎታች ለሥራ ሊያወጣ ሆነ። ልክ እንደ ደምሴ አድርግ፣ የነዚፍ እጅ የነካው ሰው እንዳይጠጋህ አልኩት። አንተ ባቆምክበት ቦታ፣ መኪናውን ወደ በሩ አዙሮ አቆመ። ፈረሱ ተጫነ። ሳህኑን ሞልቼ ሰጠሁት። ውሃው ወደ ፊት ሄደ። ሽፈራው ከሁለተኛዋ ቀዳዳ ፈትቶ ወደ ላይ ሲያዛውር ቆሜ አየሁ። አሁን ውሃው ቀጥ አለ። ማያያዣውን ሳይ ሦስተኛዋ ላይ ነው።

ያቺው ቀዳዳ! ሽፈራውንም ቢሆን ብቻውን አላምነውም፣ አብሬው ተሳፈርኩ። ኪቶ ሜዳው ላይ ስንደርስ አቁም አልኩት፤ ወርጄ ሳህኑን እንደገና ሞላሁ። ውሃው ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ተጎታቹ አፍንጫውን ሰቅሎ ቆሟል።

ግቢያችን ዘንበል ያለ ነው፣ ደምሴ! ወደ አወቱ ያዘነበለ ነው። የልብስ እጣቢ በደፋሁ ቁጥር ወደ በሩ ነው የሚወርደው። አሥራ አንድ ዓመት ስጠርገው ዓይኔ ለምዶት ሜዳ አድርጎት ኖሯል፤ ያንተም ዓይን እንደዚያው። ብሎኑን ያዛወርከው አንተ ራስህ ነህ። እዚያ ያስቆምኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። ሽፈራው ብሎኑን መልሶ እስኪያስር መሬት ላይ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ፤ ፈረሱ ደንግጦ ሳንቃውን ይደበድባል።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ተዘግቶ በቆየው ጋራዥ ፊት ተቀመጡ። ክሴን ሲጠብቁ፣ በአገሩ ደንብ ምሕረት የሚለመንበትን እርጥብ ሣር በሁለት እጄ ይዤ ተነሣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የግቢውን ዘንበል ማለት፣ የሳህኑን ነገር፣ እናቴ ቤት እሄዳለሁ ማለቴን፣ እርጎውንም ሳይቀር። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ነዚፍ ጉልበቱ ላይ ሳልደርስ ብድግ ብሎ ክንዴን ያዘኝ፤ በቃ እህቴ፣ በቃሽ አለኝ። ዘይነባ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ እሷም ስማኛለች፤ እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ያ እርጎ እስከ ዛሬም ከሆዴ አልወጣ።

ከዚያ ነዚፍ ሦስት ዓመት ያልተነፈሰውን ተናገረ። ያን ጠዋት በደጁ ስታልፍ የተጎታቹ አፍንጫ መነሣቱን አይቶ ቁም እያለ ሮጦ ወደ መንገዱ ወጣ። ቀስ አደረግህ እንጂ አልቆምክም። በመስኮት ብቅ ብለህ እየሳቅህ፣ ዛሬስ አልወርድም ነዚፍ፣ ለውብነሽ ቃል ገብቻለሁ ብለኸው አለፍክ። እሱ ሊደርስብህ ሲሮጥ መኪናው ርቋል።

ይህን ለምን ያኔ አልነገርከኝም አልኩት። ባሏን ለቀበረች ሴት ይህን በየትኛው አፌ እነግራታለሁ፣ እኔን ብትጠላ ይሻላል፣ አላህ በጊዜው ያወጣዋል ብዬ ተውኩት አለ። መቼም እንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው ሦስት ዓመት ምራቄን የተፋሁት።

ነዚፍ ነገ ጋራዡን ይከፍታል፤ የመጀመሪያዋ መኪና ላንድሮቨርህ እንድትሆን ሽፈራውን አዝዣለሁ። ከእንግዲህ ደምሴ እንዴት ሞተ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ያንተን ስም ስጠራ የራሴንም አብሬ እጠራለሁ። ለልጅም ለሽማግሌም፣ መርካቶ መሐልም ቢሆን። ዘወር ባልኩ ቁጥር ያታልለኛል ብዬ ስጠረጥርህ ኖሬ፣ አንተ ግን እኔ በሌለሁበት ቃልህን ጠብቀህ እንደ ሄድክ እናገራለሁ። እስክሞት ድረስ አልረሳህም፣ ሆዴ።

ምነው ያን አንድ ቀን ብቻ ዋሽተኸኝ በነበር።

ያንተው ውብነሽ