በነነዌ ጾም ስለበራው ሻማ

ለክቡር የማዕበል ሻማ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣
አዲስ አበባ።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ሻማዎ ቶሎ እንዳይቀልጥ ዘወትር አስብልዎታለሁ። እኔ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ በጋይንት የደብራችን ገበዝ ሆኜ የመቅደሱን መብራት ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቅ የኖርሁ፣ ዛሬ በእርስዎ ቸርነት ቅዳሴ ከቅጽር በር ላይ ቆሜ የምሰማ ሰው ነኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ወኪልዎ አቶ አበጀ ከንፋስ መውጫ ገበያ የንብ ሰማችንን ጠርጎ ወስዶ፣ በለውጡ ያን ነጭ ሻማ በሣጥን ስላመጣልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመቅደስ ጧፍ ከንጹሕ ሰም እንጂ ከሌላ እንደማይሠራ አገር ያውቃል፤ እኔ ሞኙ ግን ሲነጣ አይቼ የተጣራ ሰም መሰለኝ።

፪ኛ፤ በጾመ ነነዌ ሰኞ፣ ትንቢተ ዮናስ ሲነበብ፣ ስድስት ሻማ በገዛ እጄ አበራሁ። በምጽዋ የባሕር ኃይል ወታደር የሆነው የእኅቴ ልጅ ጥጋቡ ለዕረፍት መጥቶ ነበርና፣ ከቅዳሴ በኋላ የሣጥኑን የፈረንጅ ጽሑፍ ሲያነብ ክው አለ፤ ለካስ ከዓሣ አንበሪ ስብ የተሠራ ኖሯል! ጉድ በል ጎንደር! ዮናስን ሦስት ቀን በሆዱ ተሸክሞ ያልጎዳውን ፍጥረት፣ እኛ የዮናስ ታሪክ በሚነበብበት ቀን፣ በጾም፣ በታቦቱ ፊት ጮማውን አነደድነው።

፫ኛ፤ ስብ አቅራቢ መርከቦችዎ የሚተኩሱት ጦር በእናቲቱ ዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚፈነዳ፣ ግልገሏም ጡት ፍለጋ ሬሳዋን ሲዞር እሱንም እንደሚደግሙት ጥጋቡ ወደብ ላይ ሰምቷል። ትጋትዎ ያስደንቃል። እኛ ያልሠለጠንን ስለሆንን የምታጠባ ላም አናርድም።

፬ኛ፤ ካህናቱ ገበዝነቴን ገፈፉኝ። ሲያንሰኝ ነው። አንጀቴ ግን አርሯል፣ ይህን አልደብቅዎትም።

ታዲያ ውለታዎን ሳልመልስ እንዳልሞት፣ ባዶውን ሣጥን ተሸክሜ ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ ቀፎ ካለው ደጅ ሁሉ ዞርሁ፤ ይህንኑ ታሪክ ነገርኋቸው። ንብ አናቢው ሁሉ ከእንግዲህ ለኩባንያዎ አንዲት ፍርፋሪ ሰም ላይሸጥ በየታቦቱ ማለ። አቶ አበጀ ሦስት ቅዳሜ ባዶ ጆንያ ታቅፎ ውሏል፤ ቢያጽናኑት መልካም ነው።

ፈቃድዎን ሳልጠብቅ እስከ ዕለተ ሞቴ ጠላትዎ ሆኜ የምኖር፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞው ገበዝ ቄስ ገብረ ሕይወት
መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የተረፉትን ሻማዎች መልሼ ልኬያለሁ። አንዱን ለራስዎ ያስቀሩ፤ የዓሣ አንበሪ ሆድ ጨለማ ነው፣ ዮናስንም የተፋው ንስሐ ስለገባ ነው።