ላንቺ የተተወች የአበባ ቅጠል

ለልጄ ለዪንሹ፣

ሰማይ ይጠብቅሽ፤ ያለሽበት አገር እንደ ልጁ ይይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርዱን አልወደደውም።

ትናንት የብርዱ መግቢያ በዓል ነበር። በሥጋ የተሞላውን ሊጥ ቀቀልኩና፣ እንደ ወጋችን ጆሮሽን ብርድ እንዳይነካው ያንቺንም ድርሻ በላሁልሽ። ባለ ሰማንያ አንድ ቅጠሏን የአበባ ቅርንጫፍ በየዓመቱ ግድግዳው ላይ የሚስላት አባትሽ ነበር። እሱን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያው በዓል ነውና ዘንድሮ እኔ ሳልኳት። ጎረቤታችን እትዬ ፋንግ አይተው፣

«አንቺ፣ ይሄማ መጥረጊያ ነው። ባልሽ ቢያይ ይስቅብሽ ነበር» አሉኝ።

«ይሳቅብኝ፤ ሳቁ ናፍቆኛል» አልኳቸው።

እንደ እሱ በቀን አንድ ቅጠል ቀይ እቀባለሁ፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ብርዱም ያልቃል። ሰማንያውን እኔ እጨርሰዋለሁ። የመጨረሻዋን ግን አልነካትም፤ ከቻልሽ መጥተሽ በአባትሽ ብሩሽ ቀቢያት።

መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ